የደጉን ሞት ላረዳን የወርቅ ፊደል የቀረበ ምስጋና

ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ አቶ ወርቅአፈራሁ ተሰማ
የሰንሰል አጥር ሠፈር መረዳጃ እድር ሊቀ መንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለእድራችን ድረ ገጽ ለተመረጠው የፊደል መልክ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ሊቀ መንበር፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን ከመላ ቤተሰብዎ ጋር በደህና፣ በተለይም ዓይንዎን በጤና እንዲያገኝልኝ ከልብ እመኛለሁ። የጉልበትና የወገብ ነገር በእኛ ዕድሜ የታወቀ ስለሆነ አልጠይቅዎትም። የእኔን ደህንነት ለማወቅ ፈልገው እንደሆነ፣ እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ሬዲዮና ከሁለት ወንበር ጋር ደህና ነኝ። ሁለተኛው ወንበር በአሁኑ ሰዓት ሥራ የለውም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እገልጻለሁ።

ደብዳቤዬን በድረ ገጹ «አስተያየት ይስጡ» በሚለው ሣጥን ለማቅረብ ሞክሬ ነበር፤ ሣጥኑ ከሁለት መስመር በላይ አልቀበልም ስላለኝ በእጄ ጽፌ በእድሩ መጋዘን በር ላይ ባለው አሮጌ ሰሌዳ ለጥፌዋለሁ። ሰሌዳው ሥራ ከፈታ ዓመት ከመንፈቅ ስለሆነው ቅር የሚለው አይመስለኝም። የሰኔ ዝናብ እንዳያበላሸው በፌስታል ሸፍኜዋለሁና፣ አንብበው ሲጨርሱ መልሰው እንዲሸፍኑልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

እርስዎ ያውቁኛል፤ መንገድ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሰው ግን ማንነቴን መናገር ይገባኛል። እኔ ፈቃደ ውብሸት ከሜክሲኮ እስከ ልደታ ማርያም ድረስ የሱቅ ታፔላ በመጻፍ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የእድራችንን የቀብር ማስታወቂያም ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ሰሌዳ ላይ በቡርሽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥራው የሁለት ሰው ነበር። ደጉ ዘርጋው ጎሕ ሲቀድ ጥሩንባውን ይዞ በየመንደሩ እየዞረ ይለፍፋል፤ እኔ ደግሞ ላልሰማ ሰው እጽፋለሁ። አንድ ሰው በሠፈራችን ሞቶ ከሁለታችን ያመለጠበት ቀን አላስታውስም።

ኋላ ሠፈሩ ለልማት ተነሣ፤ የቀረው ይህ የመንገድ ዳር መጋዘን ብቻ ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራት አባላት ወደ ጀሞ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ተበተንን፤ ደጉም ጀሞ ደረሰው፣ እኔ እዚሁ ልደታ ቀረሁ። የደጉ ጥሩንባ የቱንም ያህል ቢነፋ ከልደታ ተነሥቶ ቱሉ ዲምቱ እንደማይደርስ፣ የእኔም ሰሌዳ ኮዬ ፈጬ ላለ ሰው እንደማይታይ ለማወቅ ኮሚቴ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ድረ ገጽ መከፈቱን አልነቅፍም። መክፈታችሁ ትክክል ነበር፤ ይህን የምለው ያለ ምንም አሽሙር ነው። ምስጋናዬ ያለው ከዚያ በኋላ በተደረገው ላይ ነው፤ እሱንም እንደ ቃለ ጉባኤ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ውበቱ አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ኅዳር በተጠራው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ድረ ገጹን የሠራችው ባለሙያ ወይዘሪት ናዝሬት ሦስት ዓይነት ፊደል ሸራ ላይ አውጥታ አሳየችን። ፎንት ይባላል፤ አንዱን «ሀ» በተለያየ ልብስ ማልበስ ማለት ነው። የመጀመሪያው ወፍራም፣ ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው ነበር። ልጅቱ ጨዋ ናት፤ «ለትልልቅ ሰዎች ይኼኛው ይሻላል፣ ስልክ ላይም አያስቸግርም» ብላ በግልጽ ነገረችን። እርስዎ ግን የእድራችን ክብር አሳስቦዎት ተነሥተው «ይኼማ የሱቅ ታፔላ ነው የሚመስለው፤ እኛ እኮ ሱቅ አልከፈትንም» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሥራዬን የሚያውቁ ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ሦስተኛው መጣ፤ ቀጭን፣ ወርቃማ፣ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ሐረግ ጭራ ያለው። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይላል።

ሁለተኛ፤ ስለ ቅጥነቱ አመሰግናለሁ። የእኔ ሙያ ኋላ ቀር ስለነበር ቡርሽ ቀለም ውስጥ ሳልነክር የምጠይቀው «ማን ነው የሚያነበው? ከየት ቆሞ ነው የሚያነበው?» የሚል ነበር። የሟቹን ስም ከሁሉ አስበልጬ፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ከሥሩ፣ ነጭ በተቀባ ቆርቆሮ ላይ በጥቁር እጽፋለሁ። በፊደልና በፊደል መካከል አየር እተዋለሁ፤ እግሩን አወፍራለሁ፤ ምክንያቱም ፊደል እግሩ ሲቀጥን ከሩቅ ራሱ ብቻ ይቀርና ሁሉም አንድ ይመስላል። ሲያልቅ ደጉ አስፋልቱን ተሻግሮ ታክሲ መያዣው ጋ ይቆምና ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ሳይደናቀፍ ከጨረሰ ሰሌዳው አልቋል፤ ከተደናቀፈ አጥፍቼ እንደገና እጽፋለሁ። ድረ ገጻችን ግን ከዚህ ሁሉ ልፋት ገላግሎናል። ስልኩ ላይ ፊደሉ የፀጉር ያህል ነው፤ ከጀርባው የሻማና የአበባ ፎቶግራፍ አለ፤ በሁለት ጣት ላሰፋው ብል ሻማው ይሰፋል፣ ፊደሉ ባለበት ይቀራል። ሻማውን አሁን በደንብ አውቀዋለሁ፤ በግራ በኩል ትንሽ ቀልጧል።

ሦስተኛ፤ ስለ እኩልነቱ አመሰግናለሁ። በድሮው ጊዜ እኔ የደስታውን በቀይ፣ የሐዘኑን በጥቁር እየጻፍኩ አባላትን ስለያይ ኖሬያለሁ። እናንተ ግን የእንቁጣጣሹን መልካም ምኞት፣ የአባል ልጅ ሠርግን፣ የመስቀልንና የሞትን ማስታወቂያ ሁሉ በአንድ ወርቃማ ፊደል፣ በአንድ ሻማ ላይ አወጣችሁልን። ማንም ሰው ሳያነብ በሩቁ አይቶ ክፉ ነገር እንዳይጠረጥር ተደርጓል። እንዲህ ያለ ርኅራኄ በሌላ እድር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አራተኛ። ይህ ቁጥር ይረዝማል፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ግንቦት ልደታን በሠፈራችን እንዴት እናከብረው እንደነበር አይረሱትም፤ ሁሉም ከቤቱ ወጥቶ ደጅ ላይ አንድ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሠፈሩ ከፈረሰ በኋላ ይህን በዓል የያዝነው እኔና ደጉ ብቻ ነን። በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን እኔ ንፍሮ እቀቅላለሁ፤ እሱ ከጀሞ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ይመጣል፤ ሁለቱን ወንበር አውርደን ሕንፃው በር ላይ እንቀመጣለን። ብዙ አናወራም ነበር። ደጉ ጆሮው ደክሞ ስለነበር እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ያልኩትን ሳይሆን ያሰበውን ይመልሳል፤ እንደዚያም ሆኖ ከሌላው ሰው ጋር ከማወራው ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ ግንቦት 1 ቀን ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ንፍሮውን ጥጄ ሳለሁ ስልኬ ድምፅ አሰማ። ከፈትኩት። ሻማው፣ አበባው፣ ወርቃማው ፊደል። መነጽሬን አደረግሁ፤ አወለቅሁ፤ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ቀኑ ልደታ ነው፤ እድሩም ለዓመት በዓል ሁሉ እንዲህ ያለ መልካም ምኞት ይልካል። ታዲያ ምን እጠረጥራለሁ? ከሥሩ ባለው ሣጥን በአንድ ጣቴ እየፈለግሁ «እንኳን አብሮ አደረሰን፤ ለከርሞም በሰላም ያድርሰን» ብዬ ጻፍኩ። መልስ መስጠት ጨዋነት ነው ብዬ ነው።

የተከበሩ ሊቀ መንበር፣ የመለስኩት ለደጉ የቀብር ማስታወቂያ ነበር።

ደጉ በዋዜማው ማታ አርፏል። ቀብሩ በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። በዘጠኝ ሰዓት እኔ ሁለት ወንበር አውርጄ፣ ንፍሮውን በሣህን ከድኜ በር ላይ ተቀምጬ ነበር። ሁለት ጊዜ ደወልኩለት። አላነሣም፤ ጆሮው ስለማይሰማ ስልክ አለማንሣቱ የተለመደ ስለሆነ መንገድ ላይ ነው አልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታክሲ ጠፍቶበት ይሆናል አልኩ። ሲመሽ ዘንድሮስ ትቶኛል፣ አዲሶቹ ጎረቤቶቹ ይዘውታል ብዬ ተቀየምኩት። ንፍሮውን ብቻዬን በላሁ። ከሁሉ የሚቆጨኝ መቀየሜ ነው፤ ሰውዬው ከመሬት በታች ሆኖ እኔ ፎቄ ላይ አኩርፌ ተኛሁ።

እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ እርጅናዬን አማርሬ ዝም እል ነበር። ነገር ግን ከእኔ ቀጥሎ ሃያ ስድስት አባላት «አሜን»፣ «አብሮ ያድርሰን»፣ «መልካም በዓል» እያሉ በደጉ ሞት ሥር ጽፈዋል። ቆጥሬያቸዋለሁ። አንዷ የአበባ ሥዕል ጨምረዋል። ምናልባት እኔ በመጀመሪያ ስለጻፍኩ የእኔን አይተው ይሆናል፤ ይህም እንቅልፍ ይነሣኛል። አንዱ ከጀሞ፣ አንዱ ከኮዬ ፈጬ፣ እያንዳንዳችን በየቤታችን ስልካችንን ወደ መስኮት እየወሰድን ማንበብ አቅቶን፣ ጎረቤት ስለሌለን ማንንም ሳንጠይቅ፣ እርስ በርስ እንኳን አደረሰህ ተባባልን። ሃምሳ ዓመት ለሰው ቀብር ሰው ሲጠራ የኖረው ደጉ የተሸኘው ከእድሩ በመጡ አሥራ አንድ ሰዎች ነው።

በነገራችን ላይ ከሃያ ሰባቱ መካከል አሥራ አራተኛው ላይ «አሜን፤ ለሁላችንም ይሁን» የሚለው የእርስዎ ነው። ስሙ ከነማዕረጉ ስላለ አልተሳሳትኩም። ዓይንዎን በጤና ያድርግልኝ ያልኩት ስለዚህ ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ቀሪዎች ዝርዝር አመሰግናለሁ። ግንቦት 4 ቀን ስልኬ እንደገና ድምፅ አሰማ። በዚህኛው ሻማ የለም፤ ነጭ ላይ ጥቁር፣ ወፍራም፣ እግሩ የቆመ ፊደል ነው። ወይዘሪት ናዝሬት በመጀመሪያ ያሳየችን፣ እርስዎ ታፔላ ያሉት እሱ ነው። ያለ መነጽር፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጥኩ ቆሜ አነበብኩት፦ «በአቶ ደጉ ዘርጋው ቀብር ላይ ያልተገኙ አባላት»። ከሥሩ በሠላሳ ሁለተኛ ተራ የእኔ ስም ነበር። የደጉን መሞት የሰማሁት በዚህ ነው። ቀብሩ ላይ አለመገኘቴን ነግሮኝ መሞቱን ነገረኝ። እድራችን ሊነበብ የሚችል ፊደል እንዳለው፣ ለየትኛው ጉዳይ እንደሚያወጣውም ያን ቀን ተረዳሁ። የኮሚቴ አባላት ስም በዚህ ዝርዝር ላይ እንደማይወጣም ተረዳሁ።

በማግስቱ ጀሞ ወደ ባለቤቱ ወደ ወይዘሮ ቦሰና ሄድኩ። ድንኳኑ ፈርሷል። ጥሩንባው ግድግዳው ላይ ሚስማር ተመቶለት ተሰቅሏል፤ አቧራ እንዳይገባበት አፉ ላይ ጨርቅ ተወትፎበታል። ወይዘሮ ቦሰና ሠላሳ ዓመት «ወንድምዓለም» ያሉኝ፣ አንተ ያሉኝ ሰው ናቸው። ቁጭ እንድል ወንበር አሳዩኝና «አቶ ፈቃደ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ያሉት ለእኔ ነው ወይስ ለእሱ?» አሉኝ። እርስዎ የሚለው ቃል እንዲህ ሊያም እንደሚችል አላውቅም ነበር፤ ለእርስዎ ስጽፍ ምንም አይለኝምና።

ማንበብ አቅቶኝ ነው ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን ለሌላ ሰው ፊደል ሲጽፍ የኖረ ሰው የጓደኛውን ስም ማንበብ አቃተው ብሎ ለባለቤቱ መናገር አፌን ያዘው። ጥሩንባውን አየሁና ተሰናብቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ደውዬላቸው አያነሡም፤ እሳቸው ደግሞ ጆሯቸው ደህና ነው።

ስለዚህ ያን ቀን ያልተናገርኩትን እዚህ፣ ሃያ ስምንት ዓመት በጻፍኩበት ሰሌዳ ላይ፣ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ እናገራለሁ። አላነበብኩትም። ማንበብ አልቻልኩም። ደጉ መሞቱን ባውቅ ኖሮ በጉልበቴም ቢሆን ጀሞ እሄድ ነበር።

ከምስጋናዬ ጋር አያይዤ የማቀርበው ልመና ጥቂት ነው። በደጉ ማስታወቂያ ሥር ያለው የእኔ ጽሑፍ ይሰረዝልኝ። ራሴ ልሰርዘው ሞክሬ ሥልጣኑ የኮሚቴው ነው ተባልኩ፤ ቢሮ ሁለት ጊዜ ብመላለስ ጥያቄውን በድረ ገጹ እንዳቀርብ ተነገረኝ፤ በድረ ገጹ ያለው ቅጽ ደግሞ በወርቃማው ፊደል የተጻፈ ነው። የእርስዎንም አብረው ቢሰርዙት አልቀየምም። ሌላው፣ የፊታችን ሰኔ 10 ቀን የደጉ አርባ ነው። ቀብሩ ላይ ያልነበሩት ሰዎች ሰው ሆነው እንዲገኙ፣ ጥሪው በዚያ በቀሪዎች ዝርዝር ፊደል ይውጣ። ስሙን ከሁሉ አስበልጡት፣ ቀኑና ቦታው ከሥሩ ይሁን፤ ሻማው ይቅር። ወይዘሪት ናዝሬት እንዴት እንደሚደረግ ታውቃለች፤ ከመጀመሪያውም ነግራን ነበር። የድረ ገጹን ክብር ይነካል የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ክብሩ በአሥራ አንድ ሰው ቀብር ከተነካው በላይ እንደማይነካ ቃል እገባለሁ።

ኮሚቴው ጊዜ ካጣ ደግሞ እኔ አለሁ። ዛሬ ጧት ሰሌዳውን ከዚህ ደብዳቤ በላይ ባለው ግማሽ ነጭ ቀብቼ የደጉን ስም ጽፌበታለሁ፤ እያነበባችሁ ያላችሁ ቀና ብላችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ስጨርስ እንደ ልማዴ ወደ ማዶ ቀና አልኩ። ታክሲ መያዣው ጋ ብዙ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ ግን አልነበረም። አስፋልቱን ራሴ ተሻግሬ ራሴ አነበብኩት። ይነበባል።

የያዙትን ወንበር ሳይነቀንቅ፣ ያጸደቁትን ሳይሽር፣ የማያዩትን ሳያሳይ በዕድሜና በጤና እንዲያቆይዎ የምመኝ፣ ለታላቁ የፊደል ምርጫዎ ሁልጊዜ ባለዕዳ የሆንኩ፣

ፈቃደ ውብሸት
የቀድሞ የሰሌዳ ጸሐፊ፣ በቀሪዎች ዝርዝር ተራ ቁጥር 32

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ቦሰና፣ ጀሞ (በእጄ የማደርሰው፤ በሩ ካልተከፈተ በሥሩ የማስገባው)
ለሃያ ስድስቱ አባላት፣ በያሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከፈረምኩ በኋላ አንድ የቀረ ነገር ትዝ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ትዝ ያለኝ ዛሬ አይደለም። በዚያ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ደጉ ከጎኔ ነበር የተቀመጠው። እርስዎ ስለ ታፔላው ተናግረው አዳራሹ ከሳቀ በኋላ፣ ሦስተኛው ፊደል ሸራው ላይ ሲወጣ ጠጋ ብሎ «ምን ይላል?» አለኝ። ለእኔም አልታየኝም ነበር። ነገር ግን ሰዎች ገና ዞረው እያዩኝ ስለነበር፣ ታፔላ ጸሐፊው ማንበብ አቃተው እንዳልባል «ቆንጆ ነው፤ እጅህን አውጣ» አልኩት። አወጣሁ፤ የእኔን አይቶ እሱም አወጣ። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው ላይ በሙሉ ድምፅ የሚለው ልክ ነው፤ ሁለት ድምፅ ብቻ ይቀነስልኝ። የእኔ ውሸት ነበር። የደጉ ደግሞ የእሱ አልነበረም፤ እሱ የጠየቀኝ ምን ይላል ብሎ ነበር።